የጋሽ ተወው ፕሮግራም

ሟቹ የተገኙት ፖም መሃል ነው። በአራተኛው ቀዝቃዛ ክፍል፣ እስከ ጣሪያ በተደረደሩ ሳጥኖች መካከል፣ ረጅሙ ሽማግሌ በጎናቸው ተጋድመዋል። አንድ ጊዜ ብቻ የተገመጠ ፖም ከእጃቸው አምልጦ ሳጥን ሥር ገብቷል። ፊታቸው ላይ ሕመም የለም፣ ድንጋጤም የለም። ደክሟቸው ጋደም ያሉ ነው የሚመስሉት፤ ያያቸውን ሰው ሁሉ ያስለቀሰውም ይኸው ነበር።

ሲሞቱ የድርጅቱ ሰው በሙሉ በር ላይ ቆሞ ነበር ማለት ይቻላል። ድርጅቱ ፖም አከማችቶ ከወራት በኋላ የሚሸጥ ነው። ፍሬው እንዳይበላሽ ክፍሉ ይታሸግና ኦክስጅኑ ይወጣል፤ ፖሙ እንደተኛ ይከርማል። እዚያ አየር ውስጥ የገባ ሰው ግን ሁለት ሦስት ጊዜ ተንፍሶ ይወድቃል። ሽታ የለው፣ ማስጠንቀቂያ የለው። ስለዚህ ክፍል ሲከፈት መጀመሪያ ንጹሕ አየር ይገባል፤ አየሩ ሲስተካከል በሩ ላይ ያለው መብራት አረንጓዴ ይሆናል፤ ቁልፉም ያን ጊዜ ብቻ ይለቃል። መብራቱንም ቁልፉንም የሚያዘው ትልቁ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። ማቀዝቀዣውም፣ የመኪና ሚዛኑም፣ ደረሰኙም የሚንቀሳቀሱት በእሱ ነው። የሠሩት አንድ ሰው ብቻ ናቸው ይባላል፤ እኚሁ ሟች።

የታሸገ ክፍል በተከፈተ ቁጥር መጀመሪያ የሚገቡት እሳቸው ነበሩ። ብቻቸውን ይገባሉ፣ አንድ ፖም አንሥተው ይገምጣሉ፣ ወጥተው «በሉ ጀምሩ» ይላሉ። ጡረታ ቢወጡም ለዚህ ሥርዓት ተጠርተው መጡ። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ እየሳቁ ገቡ፤ ብርዱ እንዳይወጣ በሩ በራሱ ተዘጋ። ሰው ጠበቀ። አሁንም ጠበቀ። በመጨረሻ የቴክኒክ ምክትል ኃላፊው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የሚኖረውን የእጅ አየር መለኪያ አንሥቶ በሩን ገርበብ ቢያደርገው፣ መለኪያው ጮኸ። ሽማግሌው ያን መለኪያ ይዘው ገብተው አያውቁም። መብራቱ ካለ አለ ነው ይሉ ነበር።

ጉዳዩን የያዘው መርማሪ በመሥሪያ ቤቱ «እህስ» ይባላል። ሰው ሲያናግር ከዚህ ሌላ ብዙ ቃል አይወጣውም። ሰው ደግሞ ዝምታ አይወድምና «እህስ?» በተባለ ቁጥር ያላሰበውን ይጨምራል። አለቃው በዚህ ችሎታው ይቀናበት ስለነበር ስም የሚያስገኘውን ጉዳይ ለራሱ ይዞ ተራውን ለእሱ ይወረውርለታል። ይህንንም የሰጠው ተራ መስሎት ነው። ጀማሪ ልጅ ያልገባትን ፕሮግራም ነካካች፣ ሰው ሞተ፣ ራሷም አምናለች፤ አስፈርመህ ዝጋው ብሎ ሸኘው።

እህስ ስለ ኮምፒውተር የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ስለ ቅናት ግን ያውቃል፤ ብዙ እህቶች ባሉበት ቤት ያደገ ብቸኛ ወንድ ልጅ ነው።

መጀመሪያ የሄደው ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ነው። ሥራ አስኪያጁ ወፍራም፣ ደግ፣ ሲናገር ብዕር የሚያሽከረክር ሰው ነው። እንደነገረው ከሆነ የፕሮግራሙን ውስጥ የሚያስረዳ አንዲት ብጣሽ ወረቀት የለም። ሽማግሌው ጽፈውም አያውቁ፣ አስረድተውም አያውቁ። ይህ ምንድን ነው ብሎ የጠየቃቸውን ሁሉ «ተወው» ነው የሚሉት። ሠራተኛውም ስማቸውን ጋሽ ተወው አለውና በዚያው ቀሩ። አንድ ነገር ሲበላሽ እንኳ ኮምፒውተሩ ላይ ጎንበስ ብለው ያዩና «ተወው፣ ነገ» ብለው ባርኔጣቸውን አድርገው ይሄዳሉ። በማግሥቱ ጠዋት ተስተካክሎ ይገኛል።

«በእንቅልፋቸው ነበር የሚፈቱት» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ግማሹ አድናቆት ግማሹ ሌላ ነገር በሆነ ድምፅ። «ይህን ድርጅት የማስተዳድረው እኔ ነኝ። እኔ ሳስል ሠራተኞቹ መስኮት ይከፍታሉ፤ እሳቸው ሲያስሉ ውኃ ይዘው ይሮጡ ነበር።»

«እህስ?»

«እህስማ፣ ጡረታቸው ደረሰ። ሁሉም ምክትሉ ይተካቸዋል ሲል፣ ከትምህርት ቤት ከወጣች ዓመት ያልሞላትን ልጅ መረጡ። ሽኝቱ ላይ ተነሥተው ‹እኔ ልጅ አልወለድኩም፤ ልጄ ይህ ፕሮግራም ነው፤ ብቻዬን አሳደግኩት፤ ዛሬ ለዚች ልጅ ሰጠሁ› አሉ። ያላለቀሰ አልነበረም። አበባውን ለልጅቷ ባለቤታቸው እንዲሰጡ ያደረግኩት እኔ ነኝ። አዲስ ቀሚስ ለብሰው ነበር፤ ፎቶው እንዴት እንዳማረ አልነግርህም።»

ምክትሉ በራሱ ቢሮ አልነበረም፤ እህስ ሽማግሌው ይቀመጡበት የነበረው የመቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ቆሞ አገኘው። ወንበሩ ባዶ ነው፤ ምክትሉ ግን አልተቀመጠበትም፣ እጁን ብቻ መደገፊያው ላይ አሳርፏል። ጠጉሩ ያለ ዕድሜው የሸበተ፣ ቀጭን፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ ሰው ነው። ሳይጠየቅ ኮምፒውተሩን አሳየው። አራተኛው ክፍል ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው፣ እሑድ፣ የበሩን መብራት የሚያዘው የፕሮግራሙ ቁራጭ ተለውጧል። ለዋጭዋ ጀማሪዋ ናት፤ ስሟ ይኸው። ከየት ሆና እንደገባች ግን አይታወቅም፤ ፕሮግራሙ አሮጌ ስለሆነ የገባውን ስም እንጂ የገባበትን ቦታ አይዝም፤ ፓስዎርድ ላለው ሰው ከቤትም መግባት ይቻላል።

«አንተስ ገብተህ ታውቃለህ?»

«ውስጡን?» ምክትሉ ሳቀ፤ ሳቁ ግን አያስቅም። «ጠጉሬ የነጣው እዚህ ነው። ከእሳቸው ጋር በልቼ ጠጥቼ፣ ልጄን ሳስመርቅ የክብር ቦታ አስቀምጬአቸው፣ አንድ ቀን ከፍተው ‹ና እይ› አላሉኝም። ለእሷ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ቤታቸው ድረስ። አዎ፣ ቀናሁ። ቅናት በሕግ ያስጠይቃል?»

«አያስጠይቅም። እህስ?»

«እሷ ገብታ የሆነውን ደግሞ ሁሉም ያውቃል። የደረሰኙን ፊደል ትልቅ ላድርግ ብላ ማቀዝቀዣ አቆመች። ሌላ ቀን የሙቀቱን ሰንጠረዥ ላሳምር አለች፤ ደረሰኝ ሁለት ሁለት እየታተመ ወጣ። ዓርብ ዕለት ይህንኑ የበር መብራት ነካ ስታደርግ የመኪና ሚዛኑ ዝም አለ፤ መኪናው እስከ አስፋልቱ ተሰለፈ። መለሰችው፣ ሚዛኑም ተመለሰ። አንዱን ስትነካ ሌላው ነው የሚወድቀው። በመጨረሻ ሰው ወደቀ።»

«ሰኞስ፣ ከሰውየው ሌላ ምን ተበላሸ?»

«ሌላ እንኳ ምንም። ሁሉም ይሠራ ነበር። አራተኛው ክፍል ብቻ ነው የዋሸው፤ ሌሎቹን በሮች በመለኪያ ፈትሼአለሁ፣ ደህና ናቸው።»

«መለኪያውን ለማንሣት ግን ቶሎ አሰብክ።»

«እሷ የነካችውን መብራት አላምንም» አለ ምክትሉ፣ ሳያፍር።

ጀማሪዋ ያለችው ፖሊስ ጣቢያ ነው። እናቷ በሩ አጠገብ አግዳሚ ላይ ኩርምት ብለው ተቀምጠዋል፤ እህስን ሲያዩ ተነሥተው ሊለምኑት ሞከሩ፤ እሱም «ይቀመጡ እናቴ» ብሎ አለፈ። ልጅቷ ዓይኗ አብጧል። ገና ሳይቀመጥ ልፈርም አለችው።

«ምን ብለሽ?»

«ጋሽዬን ገደልኳቸው ብዬ። ዓርብ የበሩን ነገር ነካሁ፤ ሚዛኑ ሲቆም ደንግጬ መለስኩት። በደንብ ሳልመልሰው ቀርቼ ይሆናል። እሑድም ከቤት ከፍቼው ሳነብ ነበር፤ እጄ የሆነ ነገር ነክቶ ይሆናል። አላውቅም። ያ ፕሮግራም እኮ ሰው ቤት በጨለማ እንደመግባት ነው፤ ግድግዳ እየዳበስኩ ነው የምሄደው። ያልሰበርኩት ዕቃ የለም።»

እህስ ብዕሩን ከፊቷ አነሣው። ከፈረመች ወደ ፍርድ ቤት ትሄዳለች፤ ከእስር ስትወጣ ወጣትነቷ አልፎ ይሆናል። ከዚያም የሚብሰው ግን ሌላ ነው፤ ልጅቷ ዕድሜዋን በሙሉ አንድ የምትወደውን ሰው በእጇ እንደገደለች እያመነች መኖሯ ነው። ስለዚህ ስለ ሞቱ ትቶ ስለ ፕሮግራሙ ጠየቃት። እንዲህ ስትጠየቅ ልጅቷ እንባዋን ረሳችው።

እንደነገረችው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሽማግሌው ቤት ትሄዳለች። መመገቢያ ክፍላቸው ውስጥ ጥግ ላይ ባለው ኮምፒውተር በራሷ ስምና ፓስዎርድ ትከፍታለች፤ ሽማግሌው አጠገቧ ይቀመጣሉ፤ ባለቤታቸው ሻይ ያቀርቡና ጀርባቸውን ሰጥተው ልብስ ይተኩሳሉ። ጥያቄ ስትጠይቅ ጋሽ ተወው እዚያው መልሰውላት አያውቁም። «ነገ» ይላሉ። በማግሥቱ ስልክ ደውለው የሚሰጧት መልስ ግን ወለም ዘለም የለውም። «ቀናሁባቸው» አለች። «እንዲህ አድርጌ መቼ አውቀው ይሆን እያልኩ።»

«እህስ?»

«ደግሞ ቀልደኛ ናቸው። በቁም ነገር ሲታዩ ፊታቸው አይፈታም፤ ፕሮግራሙ ውስጥ ግን ሁሉም ቁራጭ የዘመድ ስም አለው። ስሕተት ሞልቶ ሲፈስ ዝም የሚለው ‹አጎት› ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ወሬ የሚያመላልሰው ‹የባል እህት›። በሩን የሚጠብቀው ደግሞ ‹የባል እናት›፤ ሦስት ጊዜ ሳያጣራ ማንንም አያስገባም። ሳነበው ብቻዬን እስቃለሁ። እንዲያውም አንድ ቅዳሜ ሳቄ አምልጦኝ ‹ጋሽዬ፣ ይህን ሁሉ ቀልድ የት ደብቀውት ነው?› አልኳቸው።»

«ምን አሉሽ?»

«ተዪው አሉኝ።»

የሟቹ ቤት በሰው ተሞልቶ ነበር። ባለቤታቸው አጭር፣ ደርባባ፣ ንግግራቸው የተመጠነ ሴት ናቸው። ሰው ሁሉ ባላቸውን ወጣት ልጅ ወስዳባቸው እንደነበር ያወራል፤ ጎረቤቶች ጭምር፤ ወሬው ጆሯቸው እንደደረሰም ያስታውቃል። እህስን ወደ መመገቢያ ክፍሉ ይዘውት ገቡና በሩን ዘጉ። ጥግ ላይ ያለው ኮምፒውተር በእጅ የተሰፋ ልብስ ለብሷል። እህስ ፈቃድ ሳይጠይቅ ከፊቱ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ወንበሩ ላይ ድርብ ትራስ ተሰፍቶበታል፤ ጉልበቱ ከጠረጴዛው ጋር ተጋጨ። ቁመቱ ከሟቹ ቁመት እምብዛም አይለይም።

«ልጅቷ እዚህ ትቀመጥ ነበር?»

«እሷ ከምግብ ጠረጴዛው ወንበር ታመጣለች» አሉ። «ያ የቤቱ ነው።»

ስለ ልጅቷ ሲጠይቃቸው ክፉ አልተናገሩም። ልጅ ናት፣ ያልገባትን ነካች፣ ያልገባውን የሚነካ ሰው መጨረሻው ይኸው ነው አሉ። ከዚያ እህስ ሰው ሁሉ በሹክሹክታ የሚለውን ፊት ለፊት አወጣው።

«ቀንተውባት ያውቃሉ?»

«በባሌ?» አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብለው ነበር። «በዚህ ዕድሜ በሽማግሌ የሚቀና ሰው ሥራ የፈታ ነው።»

እህስ መኪናው ውስጥ ገብቶ ሞተር ሳያስነሣ ብዙ ቆየ። ከዚያ ወደ ጣቢያ ተመልሶ ከልጅቷ ጋር ተነጋገረ፤ ለሥራ አስኪያጁም ደወለ።

በማግሥቱ ከምሳ በኋላ ሁሉም መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ ተሰበሰቡ። ሥራ አስኪያጁ ብዕሩን ያሽከረክራል። ምክትሉ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። የሟቹ ባለቤት የባላቸውን ዕቃ እንዲወስዱ፣ ውጤቱንም እንዲሰሙ ተጠርተው መጥተው ከኋላ ወንበር ተሰጥቷቸዋል። የባላቸውን የሥራ ቦታ ሲያዩ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር፤ ዓይናቸው ከትልቁ ስክሪን አልተነቀለም። ጀማሪዋ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣለች፤ ፖሊስ በሩ ላይ አለ።

እህስ ረጅም ንግግር አይሆንለትምና ወንበር አዙሮ ተቀመጠ።

«ነገሩ የተጀመረው ከአንድ ጥያቄ ነው» አለ። «ይህች ልጅ ደረሰኝ ነካች፣ ማቀዝቀዣ ቆመ። ሰንጠረዥ ነካች፣ ደረሰኝ ተባዛ። ዓርብ የበሩን መብራት ነካች፣ ሚዛን ቆመ። ልክ እንደ ሰው ገላ፣ ጣት ሲመታ ጥርስ የሚያመው ዓይነት ፕሮግራም ነው። እሑድ በስሟ የተደረገው ለውጥ ግን ያንኑ የበሩን መብራት ነው የለወጠው። ሰኞ ጠዋት ሚዛኑ ቆመ?»

«አልቆመም» አለ ምክትሉ።

«ሌላስ?»

«ምንም።»

«እንግዲህ ይህን ያደረገው ሰው ምን ከምን ጋር እንደተሳሰረ ያውቃል። በዚያ ላይ በሮቹ ሁሉ የሚታዘዙት ከአንድ ቁራጭ ነው አላችሁኝ። ጀማሪ ሲያበላሽ ሁሉንም በር ነው የሚያበላሸው። ይህ ሰው ግን አራተኛውን ብቻ፣ ያውም ሰኞ የሚከፈተውን ብቻ፣ ለይቶ አስዋሸው። ግድግዳ የሚዳብስ ሰው ሥራ አይደለም። በጨለማ ሄዶ ዕቃ የማይነካ የቤቱ ባለቤት ነው።»

ጀማሪዋ ከተያዘች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። ሥራ አስኪያጁ የቤቱ ባለቤትማ ራሳቸው ሟቹ ናቸው፣ ታዲያ ራሳቸውን ሊያጠፉ ነው ወይ ብሎ ጀመረና ዓይኑ ምክትሉ ላይ አረፈ። የሁሉም ዓይን ተከተለው። ዓመታት ሙሉ ከትከሻ ኋላ ቆሞ የሚያይ ሰው በስርቆት ተምሮ ቢሆንስ? ምክትሉ የሸሚዙን ቁልፍ ፈታ።

«ወደዚያ እንመለሳለን» አለ እህስ። «መጀመሪያ ግን አንድ ሥራ አለ። ሰው የገደለ ፕሮግራም እንዳለ አይቀጥልም ተብሎ ተወስኗል። የማይጠቅመውን ከዛሬ ጀምረን እናስወግዳለን። ልጄ፣ ጀምሪ።»

ጀማሪዋ አንድ ረጅም ቁራጭ ስክሪኑ ላይ አወጣች። እህስ የነገራት ከሁሉም ፋይዳ ቢስ የሚመስለውን እንድትመርጥ ነው፤ ያወጣችው ኮፒውን መሆኑን ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ የለም። ምክትሉ ቀረብ ብሎ አየው። ከፍርሃቱ መሃል እንኳ ሙያው አስገደደውና ይህን ወደ ሥራ የሚጠራው ሌላ ቁራጭ የለም፣ የሞተ ነው፣ አጥፊው አላት። ልጅቷ ሁሉንም መርጣ በሰማያዊ ቀለም ሸፍና ጣቷን ማጥፊያው ላይ አደረገች።

«እሱን አይደለም» አለ ከኋላ የተመጠነ ድምፅ።

ሁሉም ዞሩ። የሟቹ ባለቤት ከወንበራቸው ተነሥተዋል።

«እሱ ከጠፋ ማቀዝቀዣዎቹ ተራ አይጠብቁም። ሁሉም ባንዴ ተነሥተው መብራቱን ይጥሉታል። የዚያን ጊዜ ፖሙ ሁሉ ይበላሻል።»

«ማን ነገረዎት?» አለ እህስ፣ በቀስታ።

«ባለቤቴ።»

«ባለቤትዎ ያውቁት ነበር?»

እህስ መልሳቸውን አልጠበቀም። ወደ ሌሎቹ ዞሮ፣ ለልጅ እንደሚያስረዳ ሰው አንድ በአንድ ነገራቸው። ጋሽ ተወው ፕሮግራሙን የሠሩት እሳቸው ከሆኑ፣ አንድ ቀን እንኳ እዚያው መልስ መስጠት ለምን አቃታቸው? ለምን ሁልጊዜ ነገ? በእንቅልፋቸው ይፈቱታል ተባለ፤ ይልቅ መጠየቅ የነበረበት አጠገባቸው ማን ነው የሚተኛው የሚለው ነው። ቤታቸው ያለው ወንበር ደግሞ ድርብ ትራስ ተሰፍቶበታል፤ ለአጭር ሰው የተሰፋ ነው፤ ረጅሙ ሽማግሌ ቢቀመጡበት ጉልበታቸው ጠረጴዛ ያነሣ ነበር። ልጅቷም በዚያው ኮምፒውተር ላይ ፓስዎርዷን በየቅዳሜው ስትጽፍ ጀርባቸውን የሰጡ የሚመስሉ ሰው ያዩዋት ነበር።

«ይህ ሁሉ ሆኖ እጠራጠር ነበር» አለ። «የቆረጥኩት በቀልዱ ነው። በሩን የሚጠብቀው ‹የባል እናት› ነው የሚባለው፤ ወሬ የሚያመላልሰው ‹የባል እህት›። ወንድ ቢሆን በሚስቱ እናት ነበር የሚቀልደው። ወንድ ልጅ የባል እናት የለውም።»

የሥራ አስኪያጁ ብዕር ከእጁ ወደቀ። ምክትሉ ግን የሟቹን ባለቤት የሚያየው እንደ ወንጀለኛ አይደለም፤ ዓመታት ሙሉ በተሳሳተ በር ሲያንኳኳ እንደኖረ ሰው ነው።

ሴትዮዋ ሲናገሩ ድምፃቸው አልተለወጠም። ሁለቱ የተገናኙት በወጣትነታቸው፣ አንድ የኮምፒውተር ኮርስ ላይ ነው። ከክፍሉ አንደኛ ሴትዮዋ ነበሩ፤ ባላቸው ከእሳቸው ይቀዳ ነበር። ሥራው ለእሱ ተሰጠ። እሱ ቧንቧውንና ሽቦውን ያውቃል፤ ማታ ማታ ችግሩን ቤት ይዞ ይመጣል፤ ፕሮግራሙን እሳቸው ይጽፋሉ። አንድ ቤት ነን፣ አንድ ስም ይበቃናል ተባባሉ። ልጅ አልመጣም። ያ ፕሮግራም ነበር የሚያድገው።

«ስሜ ሳይነሣ መኖር ለምጄው ነበር» አሉ። «ብቻ ያን ቀን፣ ሽኝቱ ላይ፣ ከፊት ወንበር አስቀምጠውኝ ‹ብቻዬን አሳደግኩት› አለ። ዓይኔን እያየ ነው ያለው። አበባውን ደግሞ እኔ እንድሰጥ አደረጉኝ።»

ሥራ አስኪያጁ አንገቱን ደፋ።

«እኔስ?» አለች ጀማሪዋ። «እኔ ምን በደልኩዎት? ሊያሳስሩኝ ነበር እኮ።»

«ባሌን ብትወስጂ ምናልባት እችለው ነበር። ስታነቢው ሳቅሽ። ቀልዱ የእኔ ነው፣ ያውም ወጣት ሳለሁ፣ አማቴ ስታስለቅሰኝ በቆየችበት ሌሊት የቀለድኩት። ስንት ዓመት ሙሉ የሚስቅለት ሰው ስጠብቅ፣ አንቺ ሳቅሽና ያመሰገንሽው እሱን ነው። እኔ እዚያው ቆሜ ሸሚዙን እየተኮስኩ ነበር።»

ከዚያ በኋላ የሚጠየቅ ነገር አልነበረም። ፖሊሱ ቀረብ አለ። ሴትዮዋ ግን ወደ ስክሪኑ እያዩ አራተኛው በር አሁንም እንደዋሸ መሆኑን፣ ሰው ሊገባበት እንደሚችል ተናገሩ። ምክትሉ ነገ እናየዋለን ሲል ማንም እንዴት እንደሚያየው እንደማያውቅ ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር። ሴትዮዋ እህስን አዩት።

«ላስተካክለው?»

ሥራ አስኪያጁ ገዳይን ደግሞ በሩ ላይ እንዴት እንመልሳለን ብሎ ተቃወመ። እህስ ግን የእጅ መለኪያውን ከግድግዳ አውርዶ ለምክትሉ ሰጠው፤ የተስተካከለውን በር በዚህ ሳይፈትሽ ማንም እንዳይገባ አዘዘ። ሰው ገድለዋል፤ ሲገድሉ እንኳ ግን አንድ ሚዛን ላለማቆም ተጠንቅቀው ነው። ፕሮግራሙን አይጎዱትም ብሎ አሰበ።

ጀማሪዋ ከወንበሩ ተነሣች። ሴትዮዋ ተቀመጡ፤ ወንበሩ ዝቅ አለባቸውና እግራቸውን አስተካከሉ። እጃቸው ኪቦርዱ ላይ ሲያርፍ የዕድሜያቸው ግማሽ የወረደ መሰለ። ከአንዱ ቁራጭ ወደ ሌላው ሲሄዱ ፍለጋ የለም፣ መቆም የለም። ሥራ አስኪያጁ ራሱን ረስቶ «ወይ እጅ» አለ፤ ወዲያው በማለቱ አፈረ። ምክትሉ አንገቱን አስግጎ እያየ ነው፤ አሁንም እየቀና። መለኪያውን ይዞ ወጣ፤ ጥቂት ቆይቶ ተመልሶ በሩ እውነቱን እየተናገረ መሆኑን ነገራቸው።

ሴትዮዋ ወደ ልጅቷ ቀና አሉ።

«ገባሽ?»

ጀማሪዋ ልትጠላቸው ትፈልግ ነበር፤ ጠልታቸዋለችም። ጋሽዬ ሳጥኖቹ መካከል ተጋድመው ዓይኗ ላይ ናቸው፤ እናቷ ጣቢያው አግዳሚ ላይ ያደሩበት ሌሊት ገና አልወጣላትም። ገባኝ ብላ ልትሸኛቸው አፏን ከፈተች። ነገር ግን ከነገ ጀምሮ በዚህ ፕሮግራም የሚከፈት በር ሁሉ በእሷ እጅ ነው፤ ሰው የሚገባውም በእሷ ቃል ነው።

«አልገባኝም፣ እትዬ» አለች። «ከመጀመሪያው ያሳዩኝ።»

የሴትዮዋ እጅ ኪቦርዱ ላይ እንዳለ ቀረ። ባላቸው ሲሞት ያላለቀሱ፣ ሲያዙም ያላለቀሱ ሴት አሁን እንባቸው ዝም ብሎ ወረደ፤ አልጠረጉትም። እህስ ፖሊሱን በእጁ ጠብቅ አለው። ልጅቷ ከጥግ ሌላ ወንበር ጎትታ አጠገባቸው ተቀመጠች፤ ሴትዮዋም ስክሪኑን ትንሽ ወደ እሷ አዞሩላት።